ቆቡን ማን ያነሣዋል?

ሐኪሙ፦ ወንድሜ፣ የዓይን ቆብ ጡንቻዎች እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ በኤምአርአይና በአልትራሳውንድ ይጠና የሚለውን ሐሳብህን ሰምቼ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ፈገግ አልኩ። ቆቡ የወደቀበት ሰው ሲመጣ እኔ የማወጣው መሣሪያ ከተማሪ ቦርሳ የማይጠፋ ማስመሪያ ነው። ቅንድቡን በአውራ ጣቴ ግንባሩ ላይ ተጭኜ እይዛለሁ፤ መጀመሪያ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ላይ እንዲያይ እነግረዋለሁ፤ የቆቡ ጠርዝ የተጓዘውን በሚሊሜትር አነባለሁ። ወደ 15 የተጠጋ ከሆነ አንሺው ጡንቻ ደህና ነው፤ ከ4 ካላለፈ ደካማ ነው። የምመርጠው የቀዶ ሕክምና ዓይነት በአብዛኛው በዚህ ቁጥር ይወሰናል። ደቂቃ አይፈጅም፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ያ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣበት የኤምአርአይ ማግኔት ከዚህ በላይ ምን ሊነግረኝ ነው?

ጸሐፊው፦ ማስመሪያዎን ላስጥልዎ አልመጣሁም፣ ዶክተር። የሚለካውን በደንብ ይለካል። የእኔ ጥያቄ የሚለካው ነገር ምንድን ነው የሚል ነው። የላይኛውን ቆብ የሚያነሣው ዋናው ጡንቻ ሌቫተር ከዓይን ጉድጓድ መጨረሻ ተነሥቶ በዓይን ኳስ አናት ላይ ወደ 40 ሚሊሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከዚያ ሰፊና ስስ ጅማት ሆኖ ቆቡ ውስጥ ይገባል። ትእዛዙን የሚያገኘው ከሦስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። ከሥሩ ትንሹ የሙለር ጡንቻ አለ፤ ይህ በፈቃዳችን የማናዘው ነው፤ የራሱ ነርቭ ሲጎዳ ቆቡ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። ከፊት በኩል ደግሞ ዓይንን ዙሪያውን የከበበው ኦርቢኩላሪስ አለ፤ እሱ ከዳኙ ነው፤ የሚታዘዘውም በሰባተኛው ነርቭ ነው። የግንባር ጡንቻ ቅንድብን እየሳበ ከላይ ያግዛል፤ እርስዎም በአውራ ጣትዎ የሚይዙት እሱን ከስሌቱ ለማስወጣት ነው። እንግዲህ ማስመሪያው የሚያነበው የጠርዙን ጉዞ ነው፤ የጠርዙ ጉዞ ደግሞ የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው። ከድምሩ ውስጥ አንዱን በጣትዎ ይዘው አስቀርተዋል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንዳዋጡ ግን ቁጥሩ አይናገርም። ምስል ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው፤ ለእያንዳንዱ በሽተኛ ሳይሆን፣ እርስዎ በሽተኛውን ሲያዩ በሐሳብዎ የያዙት የጡንቻዎች ካርታ ትክክል መሆኑን ለማጣራት።

ሐኪሙ፦ ተደማሪዎቹን ያለ ምስል እንለያቸዋለን እኮ። ቆቡ ከተወለደ ጀምሮ የወደቀ ልጅ ሌቫተሩ በስብና በጠባሳ መሰል ሕብረ ሕዋስ የተተካ ነው፤ ስለዚህ መኮማተር ብቻ ሳይሆን መላላትም ያቅተዋል። ወደ ታች ሲያይ ያ ቆብ ከጤነኛው ከፍ ብሎ ይቀራል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ጡንቻው ደህና ሆኖ ጅማቱ ከቦታው ይንሸራተታል፤ የቆቡ እጥፋት ወደ ላይ ይወጣል፣ ጉዞው ግን ሙሉ ነው። ጡንቻን የሚያደክመው ማያስቴኒያ ያለበት ደግሞ ጠዋት ተሽሎት ማታ ይብስበታል፤ በረዶ ለሁለት ደቂቃ ቢያዝለት ቆቡ ይነሣል። ይህን ሁሉ በዓይኔና በእጄ አውቀዋለሁ።

ጸሐፊው፦ ያውቁታል፤ ግን የዚያ ልጅ ጡንቻ በስብ መተካቱን ማስመሪያ አልነገረዎትም። በቀዶ ሕክምና የተቆረጠ ቁራጭ ማይክሮስኮፕ ሥር ገብቶ አንድ ሰው ስላየልዎ ነው። ምልክቱን ከውስጡ ነገር ጋር ያገናኘው ያ እይታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምልክቱ ብቻውን ይበቃል። ምስልም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የሚያሳየው በሕይወት ያለውን፣ ሥራ ላይ ያለውን ጡንቻ መሆኑ ነው። የተቆረጠ ቁራጭ አይንቀሳቀስም፤ አስከሬንም ዓይኑን አይከድንም። እንቅስቃሴን በተመለከተ ደግሞ የሰው ዓይን ክፉኛ ይታለላል። ቻርልስ ቤል በ1823 ስለ ዓይን እንቅስቃሴዎች ሲጽፍ ቆባችን በተከደነ ቁጥር ኳሷ ወደ ላይ ትዞራለች ብሎ ነበር። ያየውን ነበር የጻፈው፤ ፊቱ ሽባ የሆነበት ሰው ቆቡን ለመክደን ሲታገል ነጩ ብቻ ሲቀር ማንም ያያል፣ ክስተቱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ነገር ግን በየደቂቃው ሳናውቀው የምናደርገው ተራ የመከደን ቅጽበት ሌላ ነው። ኢቪንገርና ባልደረቦቹ በ1984 ሲለኩት ኳሷ ወደ ታችና ወደ አፍንጫ በኩል ትንሽ ሄዳ ትመለሳለች እንጂ ወደ ላይ አትዞርም። የቤል ሐሳብ ለረጅም ዘመን የቆየው ሰው ሰነፍ ስለ ነበረ አይደለም፤ ቆቡ ራሱ ኳሷን ስለሚሸፍናት ነው። ለማየት በምንፈልግበት ቅጽበት መጋረጃው ይወርዳል።

ሐኪሙ፦ ቤልን ያረመው ግን የአንተ ምስል አልነበረም። ዓይን ላይ የተቀመጠ የሽቦ ጥምጥም ነው፣ በመግነጢስ መስክ ውስጥ።

ጸሐፊው፦ ልክ ነዎት፤ እንዲያውም ነገሩ ለእኔ ይጠቅመኛል። ያ ጥምጥም የሚያነበው መዞርን ነው፤ ኳሷ ስንት ዲግሪ እንደ ዞረች ይናገራል፣ ሳትዞር ወደ ኋላ ብትሸሽ ግን ምልክቱ እምብዛም አይለወጥም። በመከደን ጊዜ ዓይን ወደ ጉድጓዷ ትሸሻለች የሚለው ነገር በሌሎች ዘዴዎች ተገምቶ ነበር፤ ኪርሽነር፣ ዋትሰንና ላፔ በ2022 ባወጡት ጥናት ግን በፈጣን ኤምአርአይ ኳሷ ከነጉድጓዷ በጎን ቁርጥ እየታየች፣ ቆቡ ሲወርድ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ በምስል ተከታትለዋታል። መዞርና ማፈግፈግ በአንድ ምስል ላይ ሲታዩ ጥያቄውም ይቀየራል። የቆቡ ጠርዝ የሚወርደው በኦርቢኩላሪስ ጉልበት ብቻ ነው ወይስ ከሥሩ ያለችው ኳስ ስለ ሸሸችም ጭምር? ጥምጥሙ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ እንኳ አያስችልም።

ሐኪሙ፦ ይህ ስለ ኳሷ ነው። እኔ ቀዶ የማደርገው ቆብ ነው። ስለ ሌቫተር ራሱ ምስል ያረመውን አንድ ነገር ንገረኝ።

ጸሐፊው፦ የዊትኖልን ጅማት ልንገርዎ፤ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም፣ ታሪኩ ግን ተመልሶ ሊታይ የሚገባው ነው። ሌቫተር ከኋላ ወደ ፊት አግድም ይመጣል፤ ቆቡን ግን የሚስበው ወደ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ አቅጣጫው መታጠፍ አለበት። ዊትኖል በ1910 ከጡንቻው በላይ ጉድጓዱን ከግራ ቀኝ የሚያቋርጠውን ጅማት ሲገልጽ የሰጠው ሥራ መግታት ነበር፤ ሌቫተር ከልክ በላይ እንዳይስብ የሚይዝ ልጓም አድርጎ ነው ያየው። ኋላ ላይ የቆብ ቀዶ ሐኪሞች፣ በተለይ አንደርሰንና ዲክሰን በ1979 በቀዶ ሕክምና ውስጥ ያለውን ቦታ ከጻፉ ወዲህ፣ ጅማቱ ሌላ ሥራ ተሰጠው። የጉድጓድ ውኃ የሚቀዳ ሰው ገመዱን በአግዳሚው እንጨት ላይ አሳልፎ አግድም ሲስብ ባልዲው ቀጥ ብሎ እንደሚወጣው፣ ጡንቻውም በዚህ ጅማት ላይ ታጥፎ ቆቡን ያነሣል ተባለ። ሥዕሉ ውብ ነው፤ ብዙ የማስተማሪያ መጽሐፍም ተቀብሎታል። ጅማቱን በቀዶ ሕክምና ወቅት ሁሉም ያየዋል፣ ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ በመቆንጠጫ ሲነካም ጠንካራ ነው። ግን በዚያ ሰዓት ቆቡ ተከፍቷል፣ ስቡ ተገፍቷል፣ በሽተኛው ማደንዘዣ ተወግቷል። ማየት የፈለግነው ዝምድና የፈረሰው በመክፈታችን ነው።

ጎልድበርግና ባልደረቦቹ በ1992 ዓይን አጠገብ በሚቀመጥ ትንሽ ተቀባይ ጥምጥም የኤምአርአይን ጥራት ከፍ አድርገው፣ ሳይከፍቱ፣ ቆቡ በተለያየ ከፍታ ላይ ሳለ የዊትኖልን ጅማትና በዙሪያው ያሉትን አሳዩ። በ1998 ደግሞ ኤትልና ባልደረቦቹ የጡንቻው መታጠፍ በእርግጥ የዚህ ጅማት ሥራ ነው ወይ ብለው በቀጥታ ጠየቁ። ያገኙት መልስ ሥዕሉን የሚያናጋ ነበር፦ ጡንቻው ከፍ ከፍ ብሎ ጉብ የሚልበት ነጥብ ከጅማቱ ኋላ ነው ያለው። ጡንቻው ወደ ጅማቱ ከመድረሱ በፊት መታጠፉን ከጀመረ ጅማቱ የመታጠፊያው አግዳሚ ሊሆን አይችልም፤ ቅርጹን የሚይዙት ከሥሩ ያለችው ኳስና ጡንቻውን አንጠልጥለው የያዙት ሌሎች ማያያዣዎች ናቸው ማለት ነው። ይህ ለቀዶ ሐኪም ወሬ ብቻ አይደለም፣ ዶክተር። ጅማቱን የመታጠፊያ አግዳሚ ነው ብሎ የሚያምን ሐኪም በምንም ዋጋ አይነካውም፤ ልጓም ነው ብሎ የሚያምን ደግሞ ደካማ ጡንቻ የበለጠ እንዲጓዝ ሲፈልግ ማላላቱን ያስብበታል። ሁለቱ ሐኪሞች ያነበቡት የማስመሪያ ቁጥር አንድ ሊሆን ይችላል፤ ቢላዋቸው ግን ሌላ ሌላ ቦታ ያርፋል።

ሐኪሙ፦ ጥሩ ተናገርክ። አሁን ግን ያልነገርከኝን እኔ ልንገርህ። ኤምአርአይ ውስጥ ሰው በጀርባው ይተኛል፤ እኔ የምመረምረው ተቀምጦ ነው፣ ቆብ ደግሞ ክብደት አለው። እንቅስቃሴ የምትለው ምስል አብዛኛው እንቅስቃሴ አይደለም፤ ወደ ታች እይ ተብሎ ይነሣል፣ ወደ ላይ እይ ተብሎ ይነሣል፣ በመካከል ያለውን ኮምፒውተር ያጣብቀዋል። ቆብ የሚከደነው ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ጡንቻው ራሱም ቀጭን ነው።

ጸሐፊው፦ ሁሉንም እቀበላለሁ፤ እንዲያውም የምስል ወዳጆች ይህን ከሐኪሞች ቀድመው ቢናገሩት ይሻል ነበር። የዊትኖል ክርክር የቅርጽ ክርክር ስለ ሆነ የማይንቀሳቀስ ምስል በቂ ነበር፤ ስለ ፍጥነት የሚነሣን ጥያቄ ግን አይመልስም። ጎቲንገን ላይ ኡከርና ፍራም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2010 አንድን የኤምአርአይ ምስል በ20 ሚሊሴኮንድ ማንሣት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ በዚያ ፍጥነት የቆቡ መውረድ ቢበዛ አምስት ያህል ፍሬም ያገኛል። ዋጋው ግን በጥራት ይከፈላል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር የምስሉ ነጥቦች ይሰፋሉ፣ ሌቫተርን የመሰለ ስስ ጡንቻ በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ሲቲ ስካን አጥንትን አጥርቶ ያሳያል፣ የዓይን ሌንስ ግን ለጨረር ስስ ስለ ሆነ ጤነኛ ሰው አስተኝቶ ደጋግሞ ማንሣት አይገባም፤ ስለዚህ ለዚህ ጥናት እተወዋለሁ። አልትራሳውንድ ይቀራል። ሰውየው እንደ ተቀመጠ ይሠራል፣ በሴኮንድ ብዙ ፍሬም ይሰጣል፤ 50 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ዓይነት ኦርቢኩላሪስን፣ የሌቫተርን ጅማትና የቆቡን ጠንካራ ሰሌዳ ይለያል። ነገር ግን ከአምስት ሚሊሜትር ብዙም አይዘልቅም፤ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው የሌቫተር ሥጋ አይታየውም። መሣሪያው ቆቡን ከተጫነው ደግሞ ሊያይ የመጣውን እንቅስቃሴ ራሱ ያግደዋል፤ በመካከል ወፍራም ጄል ካልገባ ውጤቱን አላምነውም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚብሰው ሌላ ድክመት ነው፤ እርስዎ አላነሡትም። ምስል መንቀሳቀስን ያሳያል፣ መታዘዝን አያሳይም። ጎርደን በ1951፣ ቢዮርክና ኩገልበርግ በ1953 የጡንቻዎቹን ኤሌክትሪክ ሲመዘግቡ ያገኙት ይህን ነው፦ ሰው ዓይኑን ወደ ታች ሲመልስ ቆቡ አብሮ የሚወርደው ኦርቢኩላሪስ ስለ ገፋው አይደለም፤ ሌቫተር ስለ ላላ ነው። ተራው መከደን ላይ ደግሞ መጀመሪያ ሌቫተር ዝም ይላል፣ ወዲያው ኦርቢኩላሪስ ይነሣል። በምስል ላይ ሁለቱም መውረድ ነው። ምስሉን ብቻ ያየ ሰው በመጀመሪያውም ከዳኙ ጡንቻ ሠርቷል ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ ይህ የቤልን ስሕተት በውድ መሣሪያ መድገም ነው። ስለዚህ ምስል ብቻውን ዳኛ ይሁን አልልም። ከጡንቻው የኤሌክትሪክ መዝገብ ጋር፣ በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ሰዓት ሲነሣ ግን አንዱ ማን እንደ ታዘዘ፣ ሌላው ምን እንደ ተንቀሳቀሰ ይነግረናል። ማስመሪያው ከሁለቱም አንዱን አይነግርም።

ሐኪሙ፦ እንግዲያው ወደ አገራችን ልመልስህ። በኢትዮጵያ የቆብ ችግር ሲባል ከሁሉ በፊት የሚመጣው ትራኮማ ነው። ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፣ ሽፋሽፍቱ ኳሷን እየቧጨረ ያሳውራል፤ ገጠር ያሉ እናቶች ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ይኖራሉ። ሁለት ዓይነት ቀዶ ሕክምና አለን። አንዱ ቆዳውን፣ ኦርቢኩላሪስን፣ ሰሌዳውንና የውስጥ ሽፋኑን ሁሉ በስቶ ያልፋል፤ ሁለተኛው ቆቡን ገልብጦ ከውስጥ በኩል ሽፋኑንና ሰሌዳውን ብቻ ይቆርጣል። የትኛው ይሻላል የሚለውን ሃብታሙና ባልደረቦቹ በአማራ ክልል 1000 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው መረመሩ፤ በ2016 ላንሴት ግሎባል ኸልዝ ላይ ወጣ። ከዓመት በኋላ ሽፋሽፍቱ ተመልሶ ዓይን የነካባቸው በመጀመሪያው 22 በመቶ፣ በሁለተኛው 13 በመቶ ነበሩ። መሣሪያቸው ማጉያ መነጽርና ችቦ ነበር። ማግኔት ቢጠብቁ ኖሮ እስከ ዛሬ አናውቅም ነበር።

ጸሐፊው፦ ያንን ጥናት አከብረዋለሁ፤ የትኛው ይሻላል ለሚል ጥያቄ ከዚያ የተሻለ መልስ ሰጪ የለም። ምስል በዕጣ የሚደረግን ሙከራ አይተካም፤ ይተካል የሚል ካለ አብረን እንቃወመው። ግን አሁን የተናገሩትን መልሰው ይዩት። ሁለቱን ቀዶ ሕክምናዎች ከሚለዩት ነገሮች አንዱ የኦርቢኩላሪስ መቆረጥና አለመቆረጥ ነው። 22 እና 13 የሆኑት ጡንቻው በመዳኑ ነው? ወይስ ከውስጥ የገባው ቁርጥ ከቆቡ ጠርዝ እኩል ርቀት ለመያዝ ስለሚቀል? ወይስ ስፌቱ የተሻለ ስለሚስብ? ሙከራው የትኛው እንደሚሻል ነገረን፤ ለምን እንደሚሻል ግን ሊነግረን አልተሠራም። ምክንያቱን ካላወቅን 13ቱን ወደ 5 ለማውረድ ምኑን እንደምንቀይር አናውቅም፤ እያንዳንዱን ግምት በሌላ ሺህ ሰው ላይ መሞከር ሊኖርብን ነው። ይህን ቀዶ ሕክምና በገጠር ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩት በአብዛኛው የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው። እነሱ ማግኔት አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው ቢላዋው የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚናገር ትክክለኛ መመሪያ ነው። ምስሉ በአንድ ከተማ፣ በጥቂት አሥር ሰዎች ላይ ሊነሣ ይችላል፤ መመሪያው ግን ሁሉም ዘንድ ይደርሳል። ማይክሮስኮፑ ለእርስዎ የሠራውም ይህንኑ ነበር፤ እርስዎ አንድም ቁራጭ ሳያዩ ከእውቀቱ ተጠቅመዋል።

ሐኪሙ፦ እሺ፣ ከማግኔቱ ይልቅ አልትራሳውንዱ ይቀርበኛል፤ እዚህ የምንፈልገው ሁሉ በቆቡ የፊት ሚሊሜትሮች ውስጥ ነው። ምን ትፈልጋለህ ታዲያ? ምን ብታይ ነው ጡንቻው ነው ጥፋተኛው የምትለው?

ጸሐፊው፦ በመጀመሪያው ዓይነት የተሠራለት ሰው ከዓመት በኋላ ዓይኑን ቀስ ብሎም ጠበቅ አድርጎም ሲከድን፣ የተቆረጠው ኦርቢኩላሪስ ከጠባሳው በታችና በላይ አብሮ ይኮማተር እንደሆነ፣ ሲኮማተርም የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ያጋድለው እንደሆነ ማየት ነው። ሽፋሽፍታቸው የተመለሰባቸው ላይ ይህ ማጋደል ከታየ፣ ካልተመለሰባቸው ላይ ካልታየ፣ ጡንቻውን እጠረጥራለሁ። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ የጡንቻውን ግምት ጥዬ ወደ ቁርጡ ከፍታ እሄዳለሁ፤ እሱንም ያው ምስል ይለካዋል፣ ቁርጡ ሰሌዳው ላይ ጠባሳ ትቶ ስለሚያልፍ።

ሐኪሙ፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለው ምስልም ያስፈልግሃል፤ አለዚያ ማጋደሉ ከበሽታው ይሁን ከቢላዋው አትለይም። እሱን ደግሞ መርፌው ሳይወጋ አንሣው። ቆቡ ላይ ሊዶካይን ከገባ በኋላ ኦርቢኩላሪስ አይነሣም፤ የምታየው የደነዘዘ ጡንቻ ነው።

ጸሐፊው፦ መርፌው ሳይወጋ፣ ተቀምጠው፣ ጄሉ በመካከል ሆኖ።

ሐኪሙ፦ ሁለቱንም ዓይን አንሣ፤ አንዱ ብቻ የታመመበት ሰው ካገኘህ ጤነኛው ዓይኑ ማነጻጸሪያ ይሆንሃል። ትራኮማ ባለበት ቀበሌ ግን እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አታገኝም።